ትውረድ ወይስ ትቆይ

ዘቢባ ማርገዟን የነገራት ባጃጇ ነው። ጎህ ሲቀድ እንደ ወትሮዋ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስራ፣ ልትነዳ ብትቀመጥ ባጃጁ አልነሳም አላት። ደግማ ሞከረች። መሪው ላይ ያለችው መብራት ቢጫ ሆነችና አንዲት የሴት ድምፅ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ» አለቻት። ከዚያ ሞተሩ ጭራሽ ጸጥ አለ።

ባሏ ነጂብ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ ሰምቷል። መፋቂያውን ከአፉ አወጣና መልሶ ከተተው። እሷም ከባጃጇ ወረደች። ካቻምና እንዲሁ እንኳን ደስ አለሽ ተብላ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ተምር አዳርሰው፣ ሰኔ ሲገባ ሙቀቱ ልጁን አስወርዷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ለደስታ መቸኮል ትተዋል።

«ምሳ እኔ እሠራለሁ» አለ ነጂብ በመጨረሻ።

«ገና እኮ ነው። እጄ አልተቆረጠም።»

«አቦ፣ እሳት አጠገብ እንዳትደርሺ ነው የምልሽ።»

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ማርገዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጤና ጣቢያ ሆዷ ላይ ስስ መቀነት አሰሩላት። ሰውነቷ ሲግል መቀነቱ መጀመሪያ ይርገበገባል፤ ካልሰማችው ይናገራታል፤ ካልታዘዘችው ደግሞ ለጎረቤት ይናገርባታል። ዘቢባን ያስመረራት ይኼኛው ነበር። ጨው ልትገዛ እስከ መንገዱ ጥግ ብቅ ካለች የሰፈሩ ስልክ ሁሉ በአንድ ላይ ይጮሃል። በሮች ይከፈታሉ። ከዚህም ከዚያም፣ «ዘቢባ፣ ግቢ እንጂ! ምን ነክቶሽ ነው?» ይሏታል። ወሬ ፈልገው አይደለም፤ ቁጣም የለባቸውም። ድምፁ እንዲቆምላቸው ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ከተማው ከረፋድ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ በሩን ዘግቶ ይውላል። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሠርጉ፣ ቀብሩ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትከር ያልቃል። አመሻሽ ላይ ሰው ተመልሶ ይወጣና ግድግዳ ተደግፎ ይጫወታል። እርጉዝ ግን አመሻሹም አልተፈቀደላትም፤ ቀን የጋለው ግድግዳ ሲመሽ ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋልና። የእርጉዝ ቦታ እያንዳንዱ ቤት ከወለሉ ሥር ያስቆፈረው ጠባብ ምድር ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው በቀልድ «ቀብሩ» ይለዋል። «ዘቢባ የት አለች?» «ቀብሩ ውስጥ ናት።» ማንም አይደነግጥም።

ዘቢባ ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሐምሌን እዚያ ውስጥ ተኝታ አሳለፈቻቸው። እርጥብ አንሶላ ለብሳ በጎኗ ትጋደማለች። ጀርባዋ ላይ መተኛት አይቻልም። ትኩስ ምግብ አይቻልም። ብዙ መናገር እንኳ አይመከርም። ቀን ቀን የድሮ ደንበኞቿን በሐሳቧ ባጃጅ ላይ ጭና ትነዳለች፤ ከለገሃር ወደ ከዚራ፣ ከከዚራ ወደ ሳቢያን ሰፈር፣ በየመታጠፊያው እየቆመች። በላይዋ የነጂብ እግር ወለሉን ሲረግጥ ትሰማለች። የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ረፋድ ላይ ይመለሳል፤ ከዚያ እስኪመሽ ከሷ ጋር ይቀመጣል። የሚያወራው ሲያጣ በስልኩ ላይ ያየውን የኳስ ጨዋታ ይተርክላታል። ኳስ አትወድም። ቢሆንም ዝም እንዳይል ማን አገባ እያለች ትጠይቀዋለች።

ስድስተኛ ወሯ ላይ አምሮት ያዛት። ያማራት የሚበላ ነገር አልነበረም። ዝናብ ያገኘው አፈር ሲሸት፣ ያ ሽታ ነው ያማራት። ለነጂብ ስትነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ከቦቴው አንድ ጣሳ ውሃ ደብቆ አመጣ። ለዚህ ከሥራ እንደሚባረር ታውቃለች። ጓሮው ላይ ደረቁን አፈር ጎድጎድ አድርጎ ውሃውን ቀስ ብሎ አፈሰሰና ጠራት። እሷም ሆዷን ደግፋ ወጥታ፣ ተንበርክካ፣ አፍንጫዋን መሬት አስጠግታ ሳበች። መቀነቱ መርገብገብ ጀመረ።

«እንደሱ ነው?» አላት።

«አይደለም» አለች። «ግን ይቀርበዋል።»

ጣሳውን ይዞ ቆሞ ሲያያት ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ግቢ በቃ» አላት።

ከነሱ ጋር አንድ ግቢ የምትኖረው ሐናን የአራት ዓመት ልጅ አላት። አንዋር ይባላል። ግቢው ውስጥ ግን የአንዋር ኮቴ ተሰምቶ አያውቅም፤ እሱ ያለው ደጋ ነው። የድሬዳዋ ልጆች ሁሉ ደጋ ናቸው። እርጉዞች ስምንተኛ ወራቸው ሲገባ ተራራው ላይ ወዳለው የወላዶች ማረፊያ ይወጣሉ፤ ወልደው አርባቸው ሲደርስ ይወርዳሉ፤ ልጆቹ እዚያው የልጆች መንደር ውስጥ ይቀራሉ፤ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ወደ ቤታቸው ይላካሉ። እናትየው አብራ መቅረት ትችል እንደሆነ የሚጠይቅ ድሮ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ መጠየቁ ቀረ፤ ደጋው ሞልቷል።

ፀሐይ ስትጠልቅ እናቶቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ አመሻሽ ሐናን ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ከዘቢባ ጎን ተቀመጠች።

«አንዋር ዛሬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እንደምን ዋሉ እማማ ሐናን? ምሳዎን በሉ?› አለኝ።» ሐናን ከት ብላ ሳቀች። «ድሬ ውስጥ አያቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት! ይኼ ‹ምሳዎን በሉ› ይለኛል!»

ዘቢባም ሳቀች።

«ጨዋ አድርገው እያሳደጉት ነው» አለች ሐናን። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደግሞ፣ «ለእንግዳ ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው፣ አይደል?» አለች። ሐናን የአንሶላውን ጫፍ በጣሳው ውሃ ነክራ የዘቢባን ግንባር ስታብስላት ቆየችና ወጣች።

ጥቅምት ላይ ዘቢባ ወደ ደጋ ወጣች። ነጂብ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። ባሎች ከመናኸሪያው አጥር አያልፉም። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቶቹን አሾልኮ ሆዷን ነካ አድርጎ፣ «አላህ ብርታቱን ይስጥ» አለ። ለሷ ይሁን ለልጁ አልጠየቀችውም።

ማረፊያው ሲደርሱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹራብ ለበሰች። ጠዋት ከአፏ ጭስ ሲወጣ አይታ ደነገጠች። ሣር ነበር። ዝናብም ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሴቶቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው ይሰማሉ። መቀነቱን ፈቱላት፤ ሥሩ የነበረው ቆዳ ነጭ ሆኗል። ወራት ሙሉ ያልተኛችውን እንቅልፍ እዚያ ተኛች። ይኼ ምቾት ነበር የሚያስፈራት፤ ሰው እንዲህ እየኖረ ነበር ማለት ነው፤ እኛ እዚያ እያለን እዚህ ሰው እንዲህ ይኖር ነበር እያለች።

ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ ፊርዶሳ የምትባል ወጣት ነበረች። የድሬ ልጅ ናት፤ ከገንደ ቆሬ ሰፈር። ወሬ አታበዛም። ሌሎቹ በግቢው እየተደነቁ ሲዞሩ እሷ ከአልጋዋ አትነሳም። ሽንት ቤቱ በየት እንደሆነ፣ የቱ መስኮት እንደማይዘጋ ግን ማንም ሳያሳያት ታውቃለች።

ዘቢባ ሴት ልጅ ወለደች። ነጂብ በስልክ አያት፤ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ «ነሲማ እንበላት» አለ። የነሲማ ከንፈር የነጂብ ነበር፤ አኩርፋ የተወለደች ትመስላለች። ፊርዶሳ በሦስተኛው ቀን ወንድ ተገላገለች።

ሲስተር ጽጌማርያም የምትባል አዋላጅ ነበረች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ ተሸክማ የምትዞረው እሷ ናት። ሕፃን አቅፋ የምታንጎራጉር እናት ስታይ ግን ቀረብ ብላ፣ «ብዙ አታላምዷቸው፤ ለናንተም ለነሱም ነው» ትላለች፤ ጉንፋን እንዳይዛቸው የምትነግራቸውን ያህል ቀለል አድርጋ።

አርባው ሲቃረብ ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘቢባ ነሲማን እያጠባች ፊርዶሳን ጠየቀቻት።

«ለምንድን ነው ከኛ ጋር የማትዞሪው? አላማረሽም እንዴ አገሩ?»

«አውቀዋለሁ» አለች ፊርዶሳ። «እዚህ ነው ያደግኩት።»

ዘቢባ ጡቷ ላይ ያለችውን ልጅ ረስታ ፊርዶሳን አየቻት።

«መጀመሪያ እዚህ ከቀሩት ልጆች ውስጥ ነኝ» አለች ፊርዶሳ። «አልበደሉንም። ያበሉናል፣ ያስተምሩናል። አሥር ዓመት ሲሞላኝ አወረዱኝ። መናኸሪያው አጥር ላይ ብዙ ሴቶች ቆመዋል። አንዷ ስሜን እየጠራች ታለቅሳለች። እኔ ሌላዋን ነበር የማያት። ቀሚሷ ያማረውን። እሷ ብትሆንልኝ ብዬ።»

«አላወቅሻትም?»

«ስታቅፈኝ ሽታዋ አስጠላኝ። ሞተች አሁን። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም፤ ግን ታውቀው ነበር ወላሂ።» የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነች። «እኔ ለልጄ ይውረድ ነው የምለው።»

«ሙቀቱስ? ግንቦት ሲገባስ?»

ፊርዶሳ ልጇን አንስታ ታቀፈችው።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዷ እናት ተራ በተራ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ትገባለች። ክፍሏ ውስጥ ወንበር እንጂ ሰው የለም። «ስለ ልጅሽ ውሳኔሽን ተናገሪ» ይላል አንድ ድምፅ። ከሁለቱ አንዱን መናገር ነው፤ ትውረድ፣ ወይም ትቆይ። ማንም አያስገድድም። የወረዱት ሕፃናት ምን እንደሆኑ ግን ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የመጀመሪያውን የሙቀት ወራት ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዘቢባ ነሲማን ታቅፋ ተቀመጠች። ልጅቱ ተኝታለች። ዘቢባ ሌሊቱን ሁሉ ስታስብ ያደረችው ሌላ ሦስተኛ ቃል ነበር፤ እዚያ ስደርስ ይመጣልኛል ብላ ነበር። ድምፁ ጥያቄውን ደገመ። ያኔ ሰኔ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የወሰዱባት ልጅ ትዝ አላት።

«ትቆይ» አለች።

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ጽጌማርያም እጇን ዘርግታ ቆማለች። ዘቢባ ልጇን ስታቀብላት ነሲማ አልነቃችም። ቢያንስ ብትነቃ ምን ነበረበት ብላ እስከ ዛሬ ታስባለች።

አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት ሹራቡን መለሱ። ልጅ ትተው ለሚወርዱት ሁሉ ወተት የሚያደርቅ ክኒንና ውሃ ተሰጣቸው። ዘቢባ ክኒኑን ከምላሷ ሥር አድርጋ ውሃውን ጠጣች፤ አውቶቡሱ ሲነሳ በመሐረቧ ተፋችው። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ራሷም አታውቅም።

ከሴቶቹ ሁሉ ልጅ የታቀፈችው ፊርዶሳ ብቻ ነበረች። ከጎኗ ማንም አልተቀመጠም። ሰው ዛሬ ነገ ይሞታል የተባለ በሽተኛን ላለማየት እንደሚጥረው ነበር ሁሉም ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞሩት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሣሩ አለቀ፤ ዛፎቹ አጠሩ፤ የመስኮቱ መስታወት ግሎ ለእጅ አልመች አለ። ያኔ ሕፃኑ አለቀሰ።

ዘቢባ ደረቷ ሲረጥብ ተሰማት። ቀና ብትል ከፊቷ ያለችው ሴት ሻሿን ሁለት ጡቶቿ ላይ ጫን አድርጋ ይዛለች። ማዶ ያለችውም እንዲሁ። የአውቶቡሱ ሴት ሁሉ ወተት በዚያ በአንድ ልጅ ለቅሶ ወረደ።

«ዝም አስብይልን እንጂ!» ብላ አንዷ ከኋላ ጮኸች። ጮኻ ሳትጨርስ ራሷ ማልቀስ ጀመረች።

ፊርዶሳ ልጇን አጠባችው። ለቅሶው ቆመ። እስከ ድሬ ድረስ የሚጠባበት ድምፅ ይሰማ ነበር።

ነጂብ አጥሩ ጋ ሲጠብቅ ሁለት እጆቿን ባዶ አያቸውና፣ «ደህና አድርገሻል» አላት።

ከዚያ ኑሮ ቀጠለ። ዘቢባ ወደ ባጃጇ ተመለሰች፤ ሰው ትጭናለች፣ ታወርዳለች። ጠዋትና ማታ ግን ጓዳ ገብታ ወተቷን በእጇ ታልባለች። ሌሎቹ ሴቶች ደርቆላቸው ዳኑ። እሷ እንዳይደርቅባት ትታለባለች። ወደ ደጋ መላክ አይቻልም፤ ጠይቃለች። ነጂብ አንድ ቀን ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለና፣ «ይኼን ምን እናድርገው?» አላት። እሷም «አላውቅም፤ ብቻ ስትደፋው እንዳላይህ» አለችው። ነጂብ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይዞት ይወጣል። የት እንደሚደፋው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

አመሻሽ ላይ እሷም ከእናቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን ትይዛለች። ነሲማ ወፍራለች። ጥርስ ልታወጣ ነው። አንድ ቀን በስልኩ ላይ ሳቀች፤ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች፤ ዘቢባ፣ «ሐናን! ነይ እዪልኝ! ሳቀችልኝ!» ብላ ጮኸች። ሐናን መጥታ በትከሻዋ በኩል አየች፤ አየችና ፊቷን አዞረች። ዘቢባም ልብ ብላ ስታይ ገባት። ነሲማ የምታየው ስልኩን የያዘችላትን ሴት ነበር። የሳቀችው ለዚያች ሴት ነው።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ ጠልቃ ግድግዳው ገና ሳይበርድ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ነጂብ ከፈተ። ፊርዶሳ ናት። ፊቷ ከስቶ አጥንቷ ወጥቷል። ደረቷ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ጡቴ ደረቀ» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ። «ከትናንት በስቲያ ነው የደረቀው። ልጁ የዱቄት ወተቱን ይተፋዋል።»

ዘቢባ ተነስታ ቆመች። «እኔጋ ምን ትፈልጊያለሽ ታዲያ?»

«ገበያ ላይ አይቼሻለሁ። ልጄ ሲያለቅስ ደረትሽን በክንድሽ ደገፍሽው። የደረቀላት ሴት እንደዚያ አታደርግም።»

ነጂብ ሁለቱንም ተራ በተራ አየ። ከዚያ ወደ ቤት አስገብቷቸው ምንጣፉን ገልብጦ የምድር ቤቱን በር አነሳ። «ግቡ፤ እዚህ ይሞቃል» አለ። እሱ ጣሳ ውሃ ሊያመጣ ሄደ።

ታች ወረዱ። ፊርዶሳ ጨርቁን ፈታችው። ልጁ ቀልጧል ማለት ይቀላል። ነሲማን በስልክ የለመደ ዓይን እኩያዋ ነው ብሎ አያምንም። እጆቹ ቀጥነዋል፤ ቆዳው ደርቋል፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነው፤ ዘቢባን ትኩር ብሎ ያያታል። ወስዳ ስታቅፈው ከእርጥቡ ጨርቅ በቀር ክብደት አልነበረውም። ጡቷን ሰጠችው። አፉ ነካው እንጂ አልሳበም።

«አቅም የለውም» አለች ፊርዶሳ በሹክሹክታ።

ዘቢባ በጣቷ ጥቂት አልባ ከንፈሩ ላይ ጠብ አደረገችለት። ምላሱን አወጣ። ደግማ ጠብ አደረገች። ሦስተኛው ላይ ጎትቶ ያዘ። ያዘና ሳበ። ዘቢባ ዓይኗን ጨፈነች። ወራት ሙሉ በእጇ ስታልበው የሚያማት ወተት አሁን ያለ ሕመም ወረደ። የነሲማ አሳሳብ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። የመጣላት ይኼኛው ብቻ ነበር።

«በቀን ስንቴ ላምጣው?» አለች ፊርዶሳ።

«አታመላልሺው። በዚህ ሙቀት ልትገድይው ነው? እዚሁ ሁኑ።»

ፊርዶሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ተቀመጠች። ዛሬ ገና የተቀመጠች ትመስላለች። ከላይ በየቤቱ ግድግዳ ሥር ያሉት እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሲያወሩ ይሰማል፤ እንደምን ዋላችሁ፣ ብርዱ እንዴት ነው ይላሉ። ግንቦት ሊገባ ነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ከወዲሁ ለብ ብሏል፤ ዘቢባ በጀርባዋ ይሰማታል፤ ፊርዶሳም ይሰማታል፤ ሁለቱም ስለሱ አላነሱም።

«ማነው ስሙ?» አለች ዘቢባ፣ የልጁን ጆሮ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች።

ፊርዶሳ የልጁን እግር በእርጥቡ ጨርቅ ሸፈነች።

«አላወጣንለትም» አለች። «ሙቀቱ ካለፈ እናወጣለታለን ብለን ነው።»

ዘቢባ ልጁን ቀስ ብላ ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።